ስርቅታ

መኪና ብቻህን ስትነዳው አይታመምም። የሚታመመው ዘመድ ሲሳፈርበት ነው። ሳምንቱን ሙሉ ከፍኖተ ሰላም ጂጋ፣ ከጂጋ ፍኖተ ሰላም ስትመላለስ እንደ ቀፎ ንብ አንድ ወጥ ድምፅ ስታሰማ የከረመች ሞተር፣ አክስትህን ከኋላ፣ መሪጌታን ከፊት ያስቀመጥህ ዕለት ትንተፋተፍብሃለች። ይህን የምለው በ20 ዓመት የቮልስ ባለቤትነት ነው። ሌላ የምመካበት የትምህርት ማስረጃ የለኝም።

የእኔዋ ቮልስዋገን የ1964 ሞዴል ናት። «በማን አቆጣጠር?» የሚል አይጠፋም፤ በፈረንጅ ነው። በእኛ ቢሆን ኖሮ ሰባት ስምንት ዓመት በቀነሰችና ወጣትነቷ በተመለሰላት። ሞተሯ 1200 ሲሲ ነው፤ አቅሟ 34 የፈረስ ጉልበት። ይህን ቁጥር አንድ ጊዜ ኢንጅባራ ላይ ለአንድ አዛውንት ተናግሬ ነበር። በፈረሰኞች አገር እንዲህ ያለ ቁጥር ዝም ብሎ አይጠራም። መኪናዋን ዞር ዞር ብለው አዩና፣ «34 ፈረስ! ገብሱን እንዴት ቻልከው?» አሉኝ። ነዳጅ ማደያው ሲደርቅ በሃይላንድ ፕላስቲክ የሚሸጠውን ቤንዚን እየገዛሁ እንደማኖራቸው ብነግራቸው ከልባቸው አዘኑልኝ።

ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ሻንጣ የሚቀመጠው ከፊት። ውሃ አትጠጣም፤ የሚያቀዘቅዛት ነፋስ ነው። ባትሪዋ 6 ቮልት ብቻ ስለሆነ ማታ ማታ መብራቷ መንገዱን ከማሳየት ይልቅ መንገድ መኖሩን ይጠቁማል። እንደ እሷ ያሉት በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል፤ የመጨረሻዋ በ2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ ወጣች። እኛ አገር ግን ከዚያ ሁሉ የምትታወሰው አንዷ ናት፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴን ከቤተ መንግሥታቸው ይዛ የወጣችው። አክስቴ ያንን ቀን ስለሚያስታውሱ፣ «ንጉሥ ከዙፋን ያወረደች መኪና እኔን ደግሞ ከየት ታወርደኝ ይሆን?» እያሉ ለብዙ ዘመን አልሳፈርም ብለው ኖረዋል።

መልሱ ቡሬ ነበር።

የኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ነው። አክስቴ ለግሽ ዓባይ ሚካኤል ስለት አለባቸው። መሪጌታ ጎረቤታችን ናቸው፤ እዚያ ሌሊቱን ማኅሌት ሊቆሙ ነው የሚሄዱት። መንገዱ ከፍኖተ ሰላም ማንኩሳ፣ ከማንኩሳ ቡሬ፣ ከቡሬ ቲሊሊ፣ ከቲሊሊ ዋናውን አስፋልት ትቶ ወደ ሰከላ መታጠፍ ነው። ከፊት ባለው የሻንጣ ቦታ አንድ ድፎ ዳቦ፣ አንድ እቅፍ ጧፍ፣ ዕጣንና ለጠበል የሚሆን ባለ 20 ሊትር ባዶ ጀሪካን ጫንን። ውሃ የማታውቅ መኪና ይዤ ወደ ዓባይ ምንጭ መሄዴ ያን ጊዜ አልከነከነኝም።

አክስቴ ጉዞውን የጀመሩት በጸሎት ነው። ጸሎቱ እንዳበቃ ወደ ምጣዳቸው አለፉ። የኤሌክትሪክ ምጣዳቸው ገመድ አንድ ክንድ ያህል አጥሮባቸዋል። በክረምቱ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ምጣዱ ከኖረበት ቦታ ሳይነቃነቅ ገመዱ ሶኬቱ ጋ አልደርስ አላቸው። ከዚያ ወዲህ ምጣዱን ግድግዳ ጥግ አስጠግተው፣ ወገባቸውን አጣመው ነው የሚጋግሩት።

«አይጥ ነው የቆረጠብኝ» አሉ።

«መሰኪያውስ?» አሉ መሪጌታ ከፊት ወንበር ሳይዞሩ።

«መሰኪያውማ ጫፉ ላይ ተመልሶ ተገጥሟል።»

መሪጌታ ጥቂት ዝም አሉ። «ሙያ ያለው አይጥ ነው» አሉ በመጨረሻ።

«ኧረ አንቱ፣ ሰው ከማማ አይጥ ልማ ብዬ ነው እንጂ!»

እኔ ማርሽ ቀየርኩ። መቀየር አያስፈልግም ነበር።

ማንኩሳ እስክንደርስ ሁሉ ሰላም ነው። በግራም በቀኝም የኑጉ ማሳ ቢጫ ለብሷል፤ አጨዳ የጀመሩም አሉ። ማንኩሳን ባለፍኩ ቁጥር በዛብህ ትዝ ይለኛል፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የተወለደው እዚህ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ያንን ሁሉ አገር በእግሩ ነው ያቋረጠው። ሁልጊዜ ሳልፍ፣ አይ የኔ ምስኪን፣ መኪና እንኳ ሳይኖረው፣ እያልኩ አዝንለት ነበር። የዚያን ቀን ግን ከማንኩሳ ወጥተን የመጀመሪያውን ዳገት ስንጀምር ቀናሁበት።

«ትር ትር ትር፣ እክ!» አለች ቮልሷ።

ነዳጁን ረገጥኩት። «ትር ትር፣ እክ! ትር፣ እክ!»

ሜዳ ላይ ስንወጣ እንደ ደህና ሰው ሆነች። ዳገት ሲመጣ ደግሞ ያው። አክስቴ ራሳቸውን ከኋላ ወደ መሐላችን አስገቡ።

«ስርቅታ ይዟታል!»

መካኒኮች ለዚህ ሕመም ሌላ ሌላ ስም አላቸው። አዲስ አበባ «ሚስ ታደርጋለች» ይላሉ፤ ቡሬ ላይ «በሦስት እግሯ ነው የምትሄደው» ሲሉ ሰምቻለሁ። እንደ አክስቴ ቃል ግን ነገሩን አንጠልጥሎ የሚያወጣው የለም። ስርቅታ ሰርቆ የበላን ነው የሚይዘው፤ ቃሉ ራሱ ከነስርቆቱ ነው የተሠራው። ልጆች ሳለን አንዳችንን ስርቅታ ሲይዘው አክስቴ ከኋላ ቀስ ብለው ይመጡና ድንገት፣ «ቅቤውን ማን ሰረቀ?» ብለው ይጮኹብን ነበር። መድኃኒቱ ይህ ነው። ያልሰረቀ ልጅ ይደነግጥና ይለቀዋል። የሰረቀ ይብስበታል።

«ምን ሰርቃ በልታ ይሆን?» አሉ አክስቴ፣ ተመልሰው እየተቀመጡ። ቮልሷ ባሰባት።

እዚህ ላይ የሞተርን ነገር ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ልበል። ይህች ሞተር አራት ሲሊንደር አላት፤ በየውስጣቸው ፒስተን ይመላለሳል። አራቱ ፒስተኖች በሽተኛ በቃሬዛ እንደተሸከሙ አራት ጎረምሶች ናቸው። አንዱ ትከሻውን ካሸሸ ሦስቱ በሽተኛውንም ሰነፉንም ይሸከማሉ። ሜዳ ላይ አይታወቅም፤ ዳገት ሲመጣ ቃሬዛው ይዘማል። ፒስተኑ እንዲሠራ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፤ ቤንዚን ከአየር ጋር ተመጥኖ መግባት አለበት፣ የገባው በደንብ መታመቅ አለበት፣ የታመቀው ላይ በሰዓቱ እሳት መጫር አለበት። ከሦስቱ የትኛው እንደጎደለ መለየት ነው ምርመራው። ሲነገር ይህን ያህል ቀላል ነው። ከረፋድ እስከ ማታ ቡሬ ላይ ያዋለን ይኸው ነው።

ቡሬ ስንገባ በሦስት እግሯ፣ ያውም እያነከሰች ነበር። በርበሬው በየደጃፉ ተሰጥቶ ከተማው ቀይ ምንጣፍ የተነጠፈለት ይመስላል። ሬሳ ያረፈበት ቤት ካልሆነ በቀር እንደ ቆመ መኪና ፈጥኖ ሰው የሚሰበሰብለት ነገር አላውቅም። አንድ ባለ ባጃጅ፣ «ቤንዚኑ ነው፤ ነጭ ጋዝ ቀላቅለውበት ነው» አለ። የአውቶቡስ ረዳት የሆነ ልጅ፣ «ውሃ! ውሃ ጨምሩላት! ተቃጠለች!» እያለ ጀሪካን ይዞ መጣና ከፊት ያለውን ኮፈን ከፈተ። ድፎ ዳቦውን አየ። ጀሪካኑን መሬት አስቀመጠና በሐዘን ዞረ።

«ጋሼ፣ ሞተሩን አውጥተው ዳቦ ተክተውልዎታል።»

በርበሬ የሚለቅሙ አንዲት እናት፣ «የኛ በርበሬ አስነጥሷት ነው እንጂ ምንም አልሆነችም፤ ትንሽ አሳርፏት» አሉ። አንዱ፣ «ዓይን ነው። አሮጌ ነገር ሲያምር ዓይን አይምረውም» አለ። ከነጋቢያቸው የቆሙ፣ በዘመናቸው ኤንትሬ የጭነት መኪና ይነዱ የነበሩ ሽማግሌ ደግሞ ዓይናቸውን ጨፍነው ካዳመጡ በኋላ፣ «ካርቡራተር» ብለው ፈረዱ። ከዚያ ሌላ ቃል አልጨመሩም፤ ዳኛ ምክንያት አያበዛም።

ሁሉም ከልባቸው ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ተከልክሎ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት ብቻ ይግቡ የተባለ ጊዜ፣ አገሩ ሁሉ ስለ ዋጋና ስለ ቻርጅ ሲያወራ እኔ ያሰብኩት እነዚህን ሰዎች ነበር። የኤሌክትሪክ መኪና ሲቆም ዝም ብሎ ነው የሚቆመው። አያስልም፣ አያስነጥስም፣ ስርቅታ አይዘውም። ለእንዲህ ያለ ኩሩ በሽተኛ ቡሬ ምን ብላ ትጠይቀዋለች?

ጋራዡ አንድ የቆርቆሮ ጥላ፣ አንድ የባሕር ዛፍ ግንድና አንድ ባለሙያ ነው። ባለሙያውን ሰው ሁሉ «ኢንጂነር» ይለዋል። አዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ፊያት ሰይቼንቶ ታክሲዎች ሥር በጀርባው ተኝቶ ሙያ የለመደ፣ የእኔ እኩያ ነው። አንድ ተለማማጅ ልጅ አለው።

«ማን ነው እንዲህ አድርጎ ያበላሻት?» አለ ገና ሳያያት።

መካኒክ ሁሉ ከእርሱ በፊት የነካውን ሰው ሙያ አይቀበልም። ይህ የመካኒክ ብቻ አመል እንዳይመስላችሁ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1763 ዓ.ም. ግሽ ላይ ደርሶ የዓባይን ምንጭ ሲያይ በደስታ ዘለለ፤ ከምንጩ ቀድቶም ለራሱ አገር ንጉሥ ጤንነት ጠጣ። ጴጥሮስ ፓኤዝ የተባለው የስፔን ቄስ ግን ከእርሱ 150 ዓመት ያህል ቀድሞ፣ በ1610 ዓ.ም. እዚያው ቆሞ ነበር። ብሩስ ግን አላምንም፣ ፓኤዝ እዚያ አልደረሰም ብሎ ተከራከረ። የሰከላ ገበሬ ደግሞ ከሁለቱም በፊት ከዚያ ምንጭ ከብቱን ያጠጣ እንደነበር ማንም አልጠየቀውም። ለማንኛውም ብሩስም ፓኤዝም ግሽ ዓባይ ደርሰዋል፤ ካርቡራተር ስላልነበራቸው።

«ምን ነካክተሃል?» አለኝ ኢንጂነሩ።

«ምንም» አልኩት።

ሐኪም ቤት ሁላችንም የምንለውን ነው ያልኩት። «ምን በልተህ ነበር?» ሲባል ሥጋው ትዝ የሚለው ማን ነው?

ከዚያ ምርመራው ተጀመረ። ከኋላ ያለው ክዳን ተነሣና የጣልያን ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ካንዴላ፣ ቦቢና፣ ፑንቲና፣ ሞተሪኖ፣ ካቻቢቴ። ጣልያን የቡሬን ምሽግ ጥሎ የወጣው በየካቲት 1933 ዓ.ም. ነው። ሰውዬው ሲሄድ መድፉን ይዞ ሄደ፣ ቃሉን ትቶልን ሄደ፤ ይኸው እስከ ዛሬ የጀርመኑን መኪና በጣልያንኛ እናክማለን። ኢንጂነሩ፣ «መጀመሪያ ካንዴላ ነው የማየው» ሲል፣ መሪጌታ የቃሉን ትርጉም ጠየቁኝ። በጣልያንኛ ሻማ ማለት እንደሆነ ነገርኳቸው። አክስቴ ይህን ሰምተው ከያዙት ጧፍ ሁለት መዘዙ። «ሻማ ከሆነ የጎደላት እኔም ይዣለሁ፤ ግን የሚካኤል ነው» አሉ። መልስ የሰጣቸው የለም፣ መልሰው ከተቱት።

አሁን የምነግራችሁ ዘዴ ከሙያው ሁሉ የምወደው ነው። ሞተሩ ሥራ ላይ እያለ፣ ከእሳት አከፋፋዩ ወደ ካንዴላዎቹ የሚሄዱት አራት ገመዶች በደረቅ ጨርቅ እየተያዙ አንድ በአንድ ይነቀላሉ። አንደኛውን ነቀለ፤ ሞተሩ ተንገጫገጨ፣ ሊጠፋ ምንም አልቀረው። መለሰው። ሁለተኛውን ነቀለ፤ እንዲሁ ተንገዳገደ። አራተኛውም ሲነቀል ያው። ሦስተኛውን ነቀለ። ምንም! ሞተሩ አልሰማም። ያው እንደነበረው፣ ትር ትር፣ እክ።

«አገኘኋት» አለ ኢንጂነሩ። «መኖሯም አለመኖሯም እኩል የሆነችው፣ እሷ ናት የማትሠራው።»

ግንዱ ላይ ተቀምጬ ስለዚህ ነገር ብዙ አሰብኩ። አንድ ዘመን እሠራበት በነበረ መሥሪያ ቤት አለቃችን ለሦስት ወር ሥልጠና ሄደው ነበር። ሥራው አልተንገጫገጨም። የፅዳት ሠራተኛዋ ለሦስት ቀን ወሊድ ጥየቃ የሄደች ጊዜ ግን ቢሮው ሊጠፋ ምንም አልቀረው፤ የመዝገብ ቤቱ ቁልፍ የት እንዳለ የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች። የእድራችንንም ኮሚቴ በልቤ አንድ በአንድ እየነቀልኩ ድምፁን አዳመጥኩ። ወደ ራሴ ተራ ስደርስ ኢንጂነሩ፣ «ጌታዬ፣ ከብርሃኑ ዞር በልልኝ» አለኝ። ዞር አልኩ። ሥራው ቀጠለ፤ እንዲያውም ፈጠን አለ።

ሦስተኛዋ ለምን እንደማትሠራ መፈለግ ደግሞ ሌላ ዙር ነው። ካንዴላዋ ተፈታ። ደህና ካንዴላ አፉ ላይ ለዘብ ብሎ የተቆላ ቡና ይመስላል፤ ይህቺ ግን በቤንዚን ርሳ ትንጠባጠባለች። ቤንዚን ይገባል፣ አይነድም ማለት ነው። ካንዴላዋን ወደ አንደኛዋ አዛውሮ የአንደኛዋን ወደ ሦስተኛዋ አመጣ። ብልህ ሰው ነው፤ በሽታው ከካንዴላዋ ጋር ከሄደ ካንዴላዋ ናት፣ እዚያው ከቀረ ሌላ ነው። እዚያው ቀረ። ቀጥሎ አውራ ጣቱን በካንዴላው ቀዳዳ ላይ ደፍኖ ሞተሪኖውን አዙር አለኝ፤ አየሩ ጣቱን «ፍስስ» አድርጎ ወረወረው። እመቃው ደህና ነው።

«ተመስገን» አለ። «ቫልቭ ተቃጥሎ ሞተር ይወርዳል ብዬ ፈርቼ ነበር።» የዚህች መኪና ሦስተኛ ሲሊንደር ከጥንት ጀምሮ ትኩሳተኛ እንደሆነች አስረዳኝ። የዘይት ማቀዝቀዣው ከነፋሱ ፊት ቆሞ ይጋርድባታል። ጀርመኖቹ ራሳቸው ያውቁታል፤ ለእሷ ብቻ እሳቱን ትንሽ ዘግየት አድርገው ነው የሠሩት። «ሞተር ይወርዳል» የምትለዋን ቃል ከሰማሁ በኋላ ግን ሌላው ብዙም አልገባኝም።

ገመዷንም አይቷታል። በደንብ አይቷታል! ከአራቱ ወፍራሟ፣ አዲሷ፣ በጥቁር ፕላስተር ከዳር እስከ ዳር የተጠቀለለችው እሷ ነበረች። ተለማማጁ ልጅ ሞተሩ እየሠራ ነካ ሲያደርጋት «ዋይ!» ብሎ ካቻቢቴውን በርበሬው መሐል ወረወረ። ሁላችንም ሳቅን። ኢንጂነሩም ሳቀ።

«ጠንካራ እሳት አላት! ይህቺን ተዋት፣ ከሁሉም ደህናዋ እሷ ናት» አለ።

እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም ብል ይሻለኛል።

ከዚያ በኋላ ያለው የሽማግሌው ፍርድ ተፈጻሚ የሆነበት ክፍል ነው። ካርቡራተሩ ወረደ፣ ታጠበ፣ ተነፋ። የቡሬ ከፍታ ከ2000 ሜትር ይበልጣል፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ካርቡራተር ግን አገር አያውቅም፣ ቤንዚኑን እንደ ጀርመን ቆላ ነው የሚያፈሰው። ስለዚህ ቤንዚኑ ተቀነሰ። ፑንቲናው በቀጭን ወረቀት ተጠረገ፣ ክፍተቱ ወደ 0.4 ሚሊ ሜትር ተመለሰ። ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ እንደ ሐር ሆነ። ሁላችን ተሳፍረን በቲሊሊ መንገድ ዳገቱን ጀመርን።

«እክ!»

ተመለስን። እንደገና ወጣን። እንደገና ተመለስን። በሦስተኛው የሰፈሩ ልጆች ከበር ላይ ቆመው «እክ!» እያሉ ይጠብቁን ጀመር። ምሳ በላን። ድፎው ተቆረሰ፤ ለሚካኤል የታሰበው ለቡሬ ጋራዥ ዋለ።

ከሰዓት በኋላ መሪጌታ ጃንጥላቸውን ተመርኩዘው ወደ ሞተሩ ተጠጉ። እስካሁን አንድ ቃል አልተናገሩም ነበር።

«ኢንጂነር፣ ይቅርታ። እኔ ስለ ብረት አላውቅም። ከበሮ ግን አውቃለሁ። ከአራት ምት ሦስተኛዋን እየዋጠች ነው።»

ኢንጂነሩ ቀና አለ። የዚህች ሞተር እሳት የሚዞረው በተርታ አይደለም፤ 1፣ 4፣ 3፣ 2 እያለ ነው። በዚያ ዙር ሦስተኛው ምት የሦስተኛዋ ሲሊንደር ነው። እጁን ጠርጎ መሪጌታን ጨበጠ። በክብ የሚዞርን ምት ከየት ጀምረው እንደቆጠሩት እኔ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ግን በጎጃም ምድር መሪጌታን እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ የለም።

«ደግሞ» አሉ መሪጌታ፣ «እናንተ ጠዋት የያዛችሁት ሰሙን ነው። ሳሉ፣ ሽታው፣ ቤንዚኑ፣ ሰም ነው። ወርቁ የተደበቀው እሳቱ ዘንድ ነው። ሽቅብ ሲሆን ብቻ የሚጠፋ እሳት ምን ዓይነት ነው?»

«ብርቱ እሳት አላት እኮ! ልጁን ጥሎታል» አለ ኢንጂነሩ።

«ልጁን ከጣለውማ ልጁ ዘንድ ነው የሄደው። ፒስተኑ ዘንድ አልሄደም።»

ይህ ቅኔ ነው ብለን በአክብሮት አለፍነው። ቅኔ አልነበረም፣ ሰም የሌለው ደረቅ ወርቅ ነበር። ሰዓታት ሙሉ ፊታችን ላይ ተቀምጦ ነበር።

ጸሐይዋ ገባች። ማኅሌቱ መቅረቱ ነው፤ መሪጌታ ጃንጥላቸውን አጠፉ። ኢንጂነሩ አንዲት አምፖል አንጠልጥሎ ለመጨረሻ ጊዜ ልሞክር አለ። እኔ ከመሪው ኋላ ሆኜ ነዳጅ እሰጣለሁ፣ እሱ ከኋላ ያዳምጣል። ምሽት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ይሆናል፣ ድንገት መብራት ጠፋ። ቡሬ በሙሉ ጨለማ ዋጣት። ከየቤቱ የተለመደው «እህህ» ተሰማ። እኔም ሞተሩን ላጠፋ እጄን ሰደድኩ።

«እንዳታጠፋው!» ብሎ ጮኸ ኢንጂነሩ። «ነዳጅ ስጣት! ጨምር! ኑ፣ ኑ እዩ!»

ሲነግሩኝ፣ ከሞተሩ ጎን፣ ከነፋስ መያዣው ቆርቆሮ ሥር፣ አንዲት ቀጭን ሰማያዊ ብልጭታ እንደ እባብ ምላስ ብቅ ጥልቅ ትል ነበር አሉ። ነዳጅ በሰጠሁ ቁጥር ከገመዷ እየዘለለች ቆርቆሮውን ትልሰዋለች። ቀኑን ሙሉ እዚያው ነበረች፤ በብርሃን የማትታይ ሆና ነው እንጂ። ስንት ጊዜ መብራት ጠፋብኝ ብዬ እንዳማረርኩ እግዜር ያውቃል፤ የዚያን ምሽት ብቻ ምርመራ አገዘኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቦቢናው የባትሪዋን 6 ቮልት ተቀብሎ ከ10 ሺህ በላይ ያደርገዋል። ያ ሁሉ ኃይል ካንዴላው አፍ ላይ ያለችውን ክፍተት ዘልሎ እሳት መጫር አለበት። ዳገት ላይ ሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀው አየር ይበዛል፣ መዝለሉም ይከብዳል። ገመዱ ደህና ከሆነ ኃይሉ ሌላ መሄጃ ስለሌለው ይዘላል። ልባሱ ደካማ ከሆነ ግን፣ ለምን እደክማለሁ ብሎ በቅርብ ባገኘው ቆርቆሮ በኩል ሾልኮ ይቀራል። ወይም በተለማማጁ ልጅ በኩል።

ሞተሩ ጠፋ። አክስቴ ከሚካኤል ጧፍ አንዷን መዘዙና ለኮሱ፤ በመጨረሻ ሻማዋ ለካንዴላዋ ደረሰች። ኢንጂነሩ ገመዷን ነቅሎ አወጣና ጥቁሩን ፕላስተር በጥፍሩ ይፈታው ጀመር። ዙሩ ብዙ ነው፤ የጠቀለለው ሰው ተጨንቆበታል። ፕላስተሩ ሲያልቅ ከሥሩ ነጭ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት የጨርቅ ልባስ ብቅ አለ።

«ይሄ የመኪና ገመድ አይደለም!» አለ ኢንጂነሩ። «ይሄ የቤት ነው። ለ220 ቮልት የተሠራ ነው! ይህን ያደረገ መካኒክ ማን ነው?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። በክረምቱ የሞተሬን ገመድ አይጥ በልቶት ነበር። ይህ እውነት ነው፤ አይጥ ያለበት ታሪክ ነው። ዕለቱ እሑድ ነበር፤ መለዋወጫ ቤት ዝግ ነው፣ አክስቴ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ናቸው።

«አንድ... ድሮ የማውቀው መካኒክ ነበር» አልኩ። «አሁን በሕይወት የለም።»

«ነፍስ ይማር» አሉ መሪጌታ።

አክስቴ ምንም አላሉም። ጧፏን ለተለማማጁ አስያዙና ገመዱን ከኢንጂነሩ እጅ ተቀበሉ። በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ አንዱን ጫፍ ክርናቸው ላይ አድርገው ሌላውን እስከ መሐል ጣታቸው ጫፍ ዘረጉት። ልክ አንድ ክንድ።

ጧፏ ትርገበገባለች። ሰዉ ሁሉ ጸጥ ብሏል። አክስቴ ገመዱን ቀስ ብለው ጠቀለሉ፣ መቀነታቸው ውስጥ ከተቱ፣ ከዚያ ድንገት ወደ እኔ ዞረው፣

«ቅቤውን ማን ሰረቀ?» አሉ።

«እክ!» አልኩ።